«መርፌው ያስፈልገኛል ወይ?»፦ ሽንት ስለ ፕሮስቴት ካንሰር የሚናገረውና የማይናገረው

«ፒኤስኤ ከፍ ብሏል» የሚል የደም ምርመራ ውጤት ከሚደርሳቸው ወንዶች አብዛኞቹ ካንሰር የለባቸውም። ቁጥሩ ከ4 እስከ 10 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ፣ ባዮፕሲ (በመርፌ ከፕሮስቴት ሥጋ ወስዶ መመርመር) ከሚደረግላቸው አራት ሰዎች ካንሰር የሚገኝበት በግምት አንዱ ነው። ሦስቱ መርፌውን ችለው፣ የውጤቱን ቀን እንቅልፍ አጥተው ጠብቀው «ነፃ ነህ» ተብለው ይመለሳሉ። ካንሰር ከተገኘባቸውም መካከል ጥቂት የማይባሉት የያዛቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ሳይጎዳቸው አብሯቸው ሊኖር የሚችል ዓይነት ነው።

ይህን ያህል ሰው ለመርፌ ሳይዳረግ አደገኛውን ካንሰር ብቻ ለይቶ ማግኘት ይቻላል ወይ? ባለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ገደማ ከቀረቡት መልሶች አንዱ የሽንት ምርመራ ነው። ቦታው በደም ምርመራውና በባዮፕሲው መካከል ነው። አንባቢ ከመነሻው ሊይዘው የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ይህ ምርመራ «ካንሰር አለብኝ ወይስ የለብኝም?» ለሚለው ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ አይሰጥም። የሚመልሰው ጠበብ ያለ ጥያቄ ነው፦ «አሁን መርፌው ያስፈልገኛል ወይስ መቆየት እችላለሁ?»

የሰፈር ክሊኒኩ የሽንት ምርመራ ሌላ ነው

በየክሊኒኩ ሽንት በኩባያ ተቀብለው የሚያዩት በዋናነት ኢንፌክሽን፣ ስኳር፣ ፕሮቲንና ደም መኖሩን ነው። ይህ ምርመራ ስለ ፕሮስቴት ካንሰር የሚናገረው ነገር የለም። «ሽንቴን ተመርምሬ ምንም የለብህም ተባልኩ» የሚል ሰው ስለ ኩላሊቱና ስለ ፊኛው አንድ ነገር አውቆ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ፕሮስቴቱ ካንሰር ግን ገና አልተመረመረም።

ሌላም የሚምታታ ነገር አለ። ሽንት ቶሎ ቶሎ ማለት፣ ሌሊት ደጋግሞ መነሳት፣ ጀምሮ መቋረጥና መንጠባጠብ በአብዛኛው የሚመጡት በዕድሜ ምክንያት ፕሮስቴት ሲተልቅ ነው። ብዙ ሰው «ፕሮስቴት አለበት» ሲል የሚያወራው ስለዚህኛው ነው። ካንሰሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሽንት ቧንቧው ራቅ ባለው የፕሮስቴት ዕጢ ውጫዊ ክፍል በመሆኑ፣ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ሽንትን አያውክም፤ አያምም። ስለዚህ ምልክት አለመኖሩ ዋስትና አይሆንም፤ ምልክት መኖሩም ካንሰር ነው አያሰኝም።

ፒኤስኤ ብቻውን ለምን አልበቃም?

ፒኤስኤ ፕሮስቴት የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ሥራው የዘር ፈሳሽ እንዲቀጥን ማድረግ ሲሆን፣ ጥቂቱ ወደ ደም ይገባል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሥልጣን የደም ምርመራውን በ1986 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሲፈቅድ ዓላማው ካንሰር እንዳለባቸው የታወቁ ሕሙማንን ለመከታተል ነበር። ያልታወቀ ካንሰርን ለመፈለግ እንዲያግዝ የተፈቀደው በ1994 ነው። ከዚያ ወዲህ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ 4 ናኖግራም የሚለው ቁጥር እንደ ድንበር ተይዞ ቆየ።

ችግሩ ፒኤስኤ የፕሮስቴት እንጂ የካንሰር ምልክት አለመሆኑ ነው። ዕጢው በዕድሜ ሲተልቅ ይጨምራል። ኢንፌክሽን ሲይዘው በጣም ሊያሻቅብ ይችላል። የሽንት ቱቦ ማስገባት፣ ከምርመራው በፊት ባሉት ቀናት የዘር ፈሳሽ ማፍሰስ፣ ረጅም ሰዓት ብስክሌት መንዳት ሊያሳድጉት ይችላሉ። በተቃራኒው ለተለቀ ፕሮስቴት የሚሰጡት ፊናስተራይድና ዱታስተራይድ የተባሉ መድኃኒቶች ቁጥሩን በግማሽ ያህል ይቀንሱታል፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን ካላወቀ ከፍ ያለውን ቁጥር ዝቅ ያለ አድርጎ ያነበዋል።

ድንበሩም እንደሚታሰበው የጠራ አይደለም። በአሜሪካ በተካሄደ ትልቅ ጥናት ፒኤስኤያቸው 4 እና ከዚያ በታች የነበሩ ወንዶች ሁሉ በጥናቱ መጨረሻ ባዮፕሲ እንዲደረግላቸው ተደርጎ ነበር። በ2004 የወጣው ውጤት እንዳሳየው ከእነርሱም 15 በመቶ ያህሉ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል።

ያም ሆኖ ፒኤስኤ ይጣል የሚያሰኝ ነገር የለም። በአውሮፓ ለዓመታት የተካሄደው ሰፊ ጥናት ምርመራው በፕሮስቴት ካንሰር የሚሞቱትን ሰዎች ቁጥር እንደሚቀንስ በ2009 አሳይቷል። የዋጋው ጥያቄ ግን ቀረ፤ አንድ ሰው ለማዳን ሲባል ስንት ሰው ያለ ምክንያት ይወጋል? ስንቱስ የማይገድለውን ካንሰር ታክሞ ሽንቱን መቆጣጠር ያቅተዋል ወይም ስንፈተ ወሲብ ያገኘዋል? በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የቅድመ መከላከል ምክር ሰጪ ቡድን በ2012 ጤነኛ ወንዶችን በፒኤስኤ መመርመርን እስከ መቃወም ደርሶ ነበር። በ2018 ሐሳቡን አሻሽሎ፣ ከ55 እስከ 69 ዓመት ያሉ ወንዶች ከሐኪማቸው ጋር ተመካክረው ይወስኑ አለ።

ባዮፕሲው ራሱ ቀላል የሚባል አይደለም። በአልትራሳውንድ እየተመሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ቀጫጭን ቅንጣቶች ይወሰዳሉ። መርፌው በፊንጢጣ በኩል ሲገባ ደም መፍሰስ የተለመደ ነው፤ ጥቂት ሰዎች ደግሞ ሆስፒታል የሚያስተኛ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። በፊንጢጣና በብልት መካከል ባለው ቆዳ በኩል ማስገባት የኢንፌክሽኑን ስጋት ይቀንሳል። የተወሰደውን ሥጋ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ባለሙያ ካንሰር ካገኘ «ግሊሰን» በሚባለው መለኪያ ደረጃ ይሰጠዋል። 6 ዝቅተኛው ነው፤ ብዙ ጊዜ በክትትል ብቻ ይያዛል። 7 እና ከዚያ በላይ የሆነው ትኩረት የሚሻው ነው። የሽንት ምርመራዎቹም ለይተው ሊያገኙት የሚሞክሩት ይህንኑ 7 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው።

ለምን ሽንት?

ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር የተቀመጠ ዕጢ ነው። ከፊኛ የሚወጣው የሽንት ቧንቧ በመሃሉ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ዕጢው ፈሳሹን የሚያወጣባቸው ጥቃቅን መተላለፊያዎችም እዚያው ቧንቧ ላይ ይከፈታሉ። ስለዚህ ከዕጢው የረገፉ ሕዋሳት፣ የሕዋሳት ስብርባሪና በውስጣቸው ያለው የዘር መልእክት ወደ ቧንቧው ይፈስሳል። ሽንት ሲመጣ ጠርጎ ይዞት ይወጣል።

የሚፈለገው የመጀመሪያው ሽንት የሆነው ለዚህ ነው። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ ቧንቧው መጀመሪያ የሚያወጣው ውሃ በመስመሩ ውስጥ የተከማቸውን ዝገት ይዞ እንደሚወርድ ሁሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት የሾርባ ማንኪያዎች የሚሆነው ሽንት ከፕሮስቴት የወረደውን ይዞ ይወጣል። ለኢንፌክሽን ምርመራ «የመጀመሪያውን አፍስሰህ የመሃሉን ተቀበል» ይባላል፤ እዚህ ግን የሚጣል የነበረው ነው የሚፈለገው። ትእዛዙን ሳያስተውል በለመደው መንገድ የመሃሉን ሰጥቶ የሚመጣ ሰው ናሙናው ባዶ ሊሆንበት ይችላል።

ቀደምት የሆኑት ምርመራዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ይጠይቃሉ። ሐኪሙ ጓንት አጥልቆ፣ ጣቱን ቅባት ቀብቶ በፊንጢጣ በኩል ፕሮስቴቱን ይነካል። ይህ በተለመደው የጣት ምርመራ ጠጠር ያለ ነገር መኖሩን ለማወቅ የሚደረገው ነው፤ እዚህ ግን ዕጢውን ጫን እያለ ከዳር ወደ መሃል በግራ ሦስት ጊዜ፣ በቀኝ ሦስት ጊዜ ያሸዋል። የዕጢው ፈሳሽ ወደ ቧንቧው ይገፋል። ታካሚው ወዲያው ተነስቶ የመጀመሪያውን ሽንት በኩባያ ይሰጣል። የሚፈለገው አርኤንኤ፣ ማለትም ሕዋስ ከጂኑ የሚያወጣው የመልእክት ግልባጭ፣ በሽንት ውስጥ ቶሎ ስለሚበጣጠስ ናሙናው ሳይቆይ መበላሸትን ከሚከላከል ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።

በሽንቱ ውስጥ የሚፈለገው ምንድን ነው?

ከሁሉ ቀድሞ የተፈቀደው ፒሲኤ3 የሚባለው ነው። በኔዘርላንድስ የናይሜኸንና በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች በ1999 ይፋ ያደረጉት ይህ ጂን ፕሮቲን የማይሠራ አርኤንኤ ነው የሚያወጣው። በካንሰር ሕዋሳት ውስጥ በጤነኛው የፕሮስቴት ሥጋ ውስጥ ካለው በብዙ አሥር እጥፍ ይበዛል፤ ዕጢው በዕድሜ ስለተለቀ ብቻም አይጨምርም። በየካቲት ወር 2012 በአሜሪካ የተፈቀደው «ፕሮጀንሳ» የተባለው ምርመራ ይህንኑ ይለካል።

ውጤቱ የሚሰላበት መንገድ ቀላል ነው። በሽንቱ ውስጥ ያለው የፒሲኤ3 መልእክት ይቆጠራል፤ የፒኤስኤ ጂን መልእክትም ይቆጠራል። ሁለተኛው የሚያስፈልገው ከፕሮስቴት የመጡ ሕዋሳት በናሙናው ውስጥ ምን ያህል እንዳሉ ለማወቅ ነው፤ ጥቂት ሕዋስ ብቻ ካለ ፒሲኤ3 ማነሱ ምንም ትርጉም የለውም። ለእያንዳንዱ 1000 የፒኤስኤ መልእክት 30 የፒሲኤ3 መልእክት ከተገኘ ውጤቱ 30 ነው። የተፈቀደው ድንበር 25 ሲሆን፣ ከዚያ በታች ከሆነ ካንሰር የመገኘቱ ዕድል ያንሳል ማለት ነው። ፈቃዱ የተሰጠውም ለሁሉም ሰው ሳይሆን ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ቀደም ሲል ባዮፕሲ ተደርጎላቸው ካንሰር ላልተገኘባቸው፣ «ደግመን እንውጋ ወይስ አንውጋ» ለሚባልላቸው ወንዶች ነው። ድክመቱ ካንሰር መኖሩን ይጠቁም እንጂ አደገኛውን ከማያሰጋው ለይቶ በማሳየት ረገድ ብዙም አለመሆኑ ነው።

ሁለተኛው ግኝት በ2005 ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ መጣ። አሩል ቺናያን፣ ስኮት ቶምሊንስና ባልደረቦቻቸው በብዙ የፕሮስቴት ካንሰሮች ውስጥ ሁለት ጂኖች ተሰባብረው ተቀጣጥለው አገኙ። አንደኛው ቲኤምፒአርኤስኤስ2 በወንድ ሆርሞን ትእዛዝ የሚበራ ነው። ሌላው ኢአርጂ የሕዋስ እድገትን ከሚመሩት አንዱ ሲሆን፣ በጤነኛ ፕሮስቴት ውስጥ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነው። ሁለቱም በ21ኛው ክሮሞሶም ላይ ናቸው። ሲቀጣጠሉ ኢአርጂ በወንድ ሆርሞን ትእዛዝ ሥር ይወድቅና ያለ ጊዜው ይነቃል። ይህ ቅጥልጥል ጂን በጤነኛ ሥጋ ውስጥ ከቶ የማይጠበቅ በመሆኑ፣ በሽንት ውስጥ መገኘቱ ጠንካራ ጥቆማ ነው። አለመገኘቱ ግን አያጽናናም፤ ቅጥልጥሉ የሌለበት ካንሰር ብዙ ነውና።

ስለዚህ ተከታዮቹ ምርመራዎች ብዙ ጠቋሚዎችን አንድ ላይ ማየት ጀመሩ። የሚሺጋኑ ቡድን ፒሲኤ3ን፣ ቅጥልጥሉን ጂንና የደም ፒኤስኤን ያጣመረ ምርመራ አወጣ፤ በ2024 የታተመው አዲሱ ዝርያው «ማይፕሮስቴትስኮር 2» 18 ጂኖችን ይመለከታል። ከኔዘርላንድስ ምርምር የተወለደው «ሴሌክትኤምዲኤክስ» ደግሞ ሆክስሲ6 እና ዲኤልኤክስ1 የተባሉትን ጂኖች መልእክት ለክቶ ከዕድሜ፣ ከፒኤስኤ፣ ከዕጢው መጠን፣ ከጣት ምርመራውና ከቤተሰብ ታሪክ ጋር ያሰላዋል።

«ኤክሶዲኤክስ» የሚባለው የጣት ምርመራውን አስቀርቶታል። ሕዋሳት ኤክሶሶም የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ከረጢቶችን ወደ ውጭ ይለቃሉ። አርኤንኤው በከረጢቱ ውስጥ ስለሚጠበቅ ቶሎ አይበጣጠስም። ስለዚህ ፕሮስቴቱን ማሸት ሳያስፈልግ፣ ሰው በቤቱ ሆኖ የመጀመሪያውን ሽንት በተላከለት ዕቃ ተቀብሎ ወደ ላቦራቶሪው ሊልክ ይችላል። የጣት ምርመራን በማፈር ሐኪም ቤት የሚቀር ሰው ብዙ ስለሆነ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቁጥሩ እንዴት ይነበባል?

የኤክሶዲኤክስን ውጤት እንውሰድ። ውጤቱ ከ0 እስከ 100 ባለው መስመር ላይ የሚቀመጥ አንድ ቁጥር ነው፤ ድንበሩ 15.6 ነው። ምርመራው በዋናነት የሚታሰበው ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ፒኤስኤያቸው ከ2 እስከ 10 ለሆነ፣ ገና ባዮፕሲ ላልተደረገላቸው ወንዶች ነው።

በ2016 የታተመው ጥናቱ ባዮፕሲ የተደረገላቸውን 519 ወንዶች የሽንት ውጤት ከባዮፕሲው ጋር አነጻጽሮ ነበር። ከድንበሩ በታች የሆኑት 138 ናቸው፤ ይህም 27 በመቶ ነው። የሽንቱን ውጤት ተከትለው ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች አይወጉም ነበር። ከመካከላቸው በመቶ ሲሰላ 91 ያህሉ በእርግጥም ከፍተኛ ደረጃ ያለው ካንሰር አልተገኘባቸውም። 9 ያህሉ ግን ተገኝቶባቸዋል።

አሁን ከድንበሩ በላይ የሆኑትን እንይ። ከእነርሱ ከፍተኛ ደረጃ ካንሰር የተገኘባቸው ከሦስት አንድ ያህል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ለምሳሌ ሁለት ወንዶች ሁለቱም ፒኤስኤያቸው 5.8 ሆኖ፣ የአንዱ የሽንት ውጤት 11፣ የሌላው 41 ቢሆን፣ የመጀመሪያው «ካንሰር የለብኝም» ብሎ ፋይሉን መዝጋት አይችልም፤ መርፌውን ግን በአግባቡ አዘግይቶ ፒኤስኤውን በየጊዜው ማሳየት ይችላል። ሁለተኛውም «ካንሰር ተገኘብኝ» ብሎ ቤተሰቡን ማስደንገጥ የለበትም፤ ወደ ቀጣዩ ምርመራ የሚሄድበት ምክንያት ግን አግኝቷል። የሽንት ምርመራው ጥንካሬ «ቆይ» በማለት ላይ ነው። «አለ» ብሎ የሚያረጋግጠው አሁንም በማይክሮስኮፕ የታየው ሥጋ ብቻ ነው።

ኤምአርአይ መጣና ቦታውን ተጋራው

ሽንቱ ለዚህ ጥያቄ ብቸኛው መላሽ ሆኖ አልቆየም። በ2017 እና በ2018 የታተሙ ሁለት ትላልቅ ጥናቶች ከባዮፕሲ በፊት ፕሮስቴትን በኤምአርአይ ማየት ብዙ ሰዎችን ከመርፌ እንደሚያድን፣ መርፌው የሚያስፈልጋቸውም ከሆነ የት ቦታ መውጋት እንደሚገባ እንደሚያሳይ አረጋገጡ። ሽንት ይህን ሁለተኛውን አይችልም፤ ካንሰሩ በዕጢው ውስጥ በየት በኩል እንዳለ አይናገርም። ስለዚህ ኤምአርአይ በቀላሉ በሚገኝባቸው አገሮች ብዙ ሐኪሞች መጀመሪያ ወደዚያ ይልካሉ። የሽንት ምርመራው ኤምአርአይ ወረፋ በሚበዛበት ወይም ሰውየው ማሽኑ ውስጥ መግባት በማይችልበት ጊዜ፣ አለዚያም የኤምአርአዩ ውጤት አወላዋይ ሲሆን ሚዛን እንዲያጋድል ይጠራል። በደም የሚሠሩ የተሻሻሉ ምርመራዎችም አሉ። አንድ ሰው ሁሉንም ማድረግ አያስፈልገውም።

ለክትትልስ ይሆናል?

እዚህ ሁለት ዓይነት ክትትል መለየት አለበት። የመጀመሪያው ካንሰሩ ዝቅተኛ ደረጃ ሆኖ ሳይታከም በዓይነ ቁራኛ የሚጠበቅበት ነው። ይህ ቸልተኝነት እንዳልሆነ ካሳዩት ጥናቶች ትልቁ በብሪታንያ የተካሄደው ነው። ካንሰራቸው ከዕጢው ያልወጣ 1643 ወንዶች በዕጣ ለቀዶ ጥገና፣ ለጨረርና ለክትትል ተመደቡ። በ2023 የወጣው የ15 ዓመት ውጤት እንዳለው በፕሮስቴት ካንሰር ምክንያት የሞቱት በሦስቱም ቡድን ከ100 ሦስት ገደማ ነበሩ።

በክትትል ላይ ያለ ሰው ግን በየጊዜው ፒኤስኤ፣ ኤምአርአይና ተደጋጋሚ ባዮፕሲ ይጠብቀዋል። ሽንት ይህን ተደጋጋሚ መርፌ ሊያስቀር ይችል ይሆን? በእንግሊዝ የኢስት አንግሊያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት፣ «ፐር» ብለው የሰየሙት የሽንት ምርመራ በክትትል ላይ ካሉ ወንዶች የትኞቹ ሕክምና እንደሚያስፈልጋቸው ከተለመደው መንገድ እስከ አምስት ዓመት ቀድሞ ሊጠቁም እንደሚችል ገልጸዋል። በዚያው ዓመት ከጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት በቤት የሚወሰድበትን መንገድም ሞክረዋል። ተስፋ ሰጪ ነው፤ ሆኖም የክትትሉ ምሰሶዎች አሁንም ፒኤስኤ፣ ኤምአርአይና ባዮፕሲ ናቸው።

ሁለተኛው ክትትል ከሕክምና በኋላ ያለው ነው። እዚህ ሽንት አያስፈልግም፤ ካንሰርን ለመለየት ያስቸገረው ፒኤስኤ እዚህ ላይ እጅግ ጥሩ መሣሪያ ይሆናል። ፕሮስቴቱ ሙሉ በሙሉ በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ ፒኤስኤ የሚሠራ ዕጢ ስለሌለ ቁጥሩ ሊታይ ወደማይችል ደረጃ መውረድ አለበት። እንደገና ወጥቶ 0.2 ከደረሰና በድጋሚ ምርመራ ከጸና ካንሰሩ እየተመለሰ ሊሆን ይችላል። በሽንት የሚፈለጉት መልእክቶች ግን ምንጫቸው ራሱ ዕጢው ነበር፤ ዕጢው ሲወጣ እነርሱም ይቀራሉ።

በሰበር ዜና አትቸኩሉ

በዚህ መስክ ብዙ ነገር ተጨብጭቦለት ጠፍቷል። በ2009 ሳርኮሲን የተባለ ንጥረ ነገር በሽንት ውስጥ መብዛቱ የሚስፋፋ ካንሰርን ይጠቁማል የሚል ጥናት በትልቅ የሳይንስ መጽሔት ወጥቶ ዓለምን አነጋገረ። በቀጣዩ ዓመት የበርሊን ተመራማሪዎች ደግመው ሲፈትሹት ለዚህ ሥራ እንደማይበቃ አገኙ።

የውሾቹ ታሪክም አለ። በጣልያን ሚላን አቅራቢያ የሠለጠኑ ሁለት የጀርመን እረኛ ውሾች ሽንት እያሸተቱ የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸውን ከጤነኞቹ ከ97 በመቶ በላይ ትክክል ለዩ ተባለ። በ2021 በብሪታንያና በአሜሪካ ተመራማሪዎች ትብብር በወጣው፣ በሌሎች ውሾች በተሠራ ጥናት ግን ውሾቹን የሚመራው ሰው ራሱ የትኛው ናሙና የማን እንደሆነ እንዳያውቅ ተደረገ። ውሾቹ ያገኙት ከካንሰሮቹ 71 በመቶውን ነበር። ይህም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ በሽንት ውስጥ የሚተን ሽታ ያለው ምልክት መኖሩን ያሳያል፤ ሽታውን የሚለይ መሣሪያ ለመሥራትም ጥረቱ ቀጥሏል። ነገር ግን በመጀመሪያው ጥናትና ሐኪም ቤት በሚደርሰው ምርመራ መካከል ያለው ርቀት ይህን ያህል ነው።

ለእኛስ ምን ማለት ነው?

የሽንት ምርመራዎቹ የተፈጠሩት ምርመራ ለበዛባቸው አገሮች ችግር ነው፤ ሚሊዮኖች በየዓመቱ ፒኤስኤ የሚለኩባቸው፣ ብዙዎችም ያለ ምክንያት የሚወጉባቸው ናቸው። በኢትዮጵያ ያለው ችግር በአብዛኛው የተገላቢጦሹ ነው፤ ብዙ ታካሚ ሐኪም ቤት የሚደርሰው ካንሰሩ አጥንት ገብቶ ወገቡን ሲያመው ወይም ሽንት ሲከለክለው ነው። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደነበረና እንደ ጅማ ወዳሉ ከተሞች መስፋፋት የጀመረው በቅርብ ዓመታት እንደሆነ ማስታወስም ይገባል። ስለዚህ አገር ቤት ላለ ሰው ቀዳሚው ጉዳይ የሽንቱ ምርመራ መምጣት አይደለም፤ ጊዜው ሳያልፍ ፒኤስኤ መለካትና ከሽንትና ከወንዶች ጤና ሐኪም ጋር መነጋገር ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ግን ሐኪማቸው እነዚህን ስሞች ሊጠራላቸው ይችላል። እነርሱም አንድ ነገር ይወቁ። ቅጥልጥሉ ጂን የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ወንዶች ካንሰሮች በግማሽ ያህሉ ሲገኝ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ ከሦስት አንድ ወይም ከዚያ ባነሱት ነው የታየው። ስለዚህ በአውሮፓውያን ሽንት ላይ የተሠራ ድንበር ለሁሉም እኩል ላይሠራ ይችላል። በተጨማሪ ጥቁር አሜሪካውያን በፕሮስቴት ካንሰር የመሞታቸው መጠን ከነጮቹ ሁለት እጥፍ ገደማ ቢሆንም፣ እነዚህ ቁጥሮች የመጡት የዘር ሐረጋቸው በአብዛኛው ከምዕራብ አፍሪካ ከሚመዘዝ ሰዎች ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ወንዶች በጥናቶቹ ውስጥ ጥቂቶች ናቸው። «የኔን ዓይነት ሰው ያካተተ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም።

የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ለረጅም ጊዜ የሰጠው ምክር ንግግሩ በ50 ዓመት እንዲጀመር፤ ለጥቁር ወንዶችና አባታቸው ወይም ወንድማቸው ከ65 ዓመት በፊት ለታመመባቸው በ45፤ ከአንድ በላይ የቅርብ ዘመድ ለታመመባቸው ደግሞ በ40 እንዲሆን ነው። በእናትም ሆነ በአባት ወገን የጡት ወይም የማህፀን ዕንቁላል ካንሰር በቤተሰቡ ውስጥ ካለም ይነገር፤ ቢአርሲኤ2 የተባለው ጂን ብልሽት በወንዶች ላይ የሚያሰጋው አንዱ በፕሮስቴት በኩል ነውና።

ሐኪምዎን ምን ይጠይቁ?

የሽንት ምርመራ ከቀረበልዎ፣ ሽንቱን ከመስጠትዎ በፊት እነዚህን ያንሱ፦

• ፒኤስኤዬ ተደግሞ ተለክቷል? ኢንፌክሽን ወይም የምወስደው መድኃኒት ቁጥሩን አላዛባውም?

• ኤምአርአይ መጀመሪያ ቢታይ አይሻልም?

• ናሙናው የሚወሰደው ከጣት ምርመራ በኋላ ነው ወይስ በቤት? የመጀመሪያውን ሽንት ነው የምሰጠው?

• ኢንሹራንሴ ይከፍላል?

• ውጤቱ ዝቅ ካለ ቀጣዩ ፒኤስኤ መቼ ነው? ከፍ ካለስ መርፌው በየት በኩል ነው የሚገባው?

ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ «ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ የምናደርገውን ነገር ይለውጠዋል?» ቁጥሩ ዝቅ ብሎም ሐኪሙ መርፌውን እንደማይተው ከተናገረ፣ ወይም ከፍ ብሎም እርስዎ በዕድሜዎና በሌላ ሕመምዎ ምክንያት ባዮፕሲ እንደማያደርጉ ከወሰኑ፣ ያን ሽንት ለመላክ የሚወጣው ገንዘብና የሚያልፈው የጭንቀት ሳምንት የሚያስገኙት ነገር የለም። መልሱ «አዎ፣ ይለውጠዋል» ከሆነ ግን ምርመራው የተሠራው እንደ እርስዎ ላለ ሰው ነው።